አራት ወንድማማቾች ዘመቱ፤ ድንጋዩ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

የመሐል ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አንብቤ ማለፍ ነው የማውቀው። ዛሬ ግን ምክራችሁን ፈልጌያለሁ።

የእናቴ አገር መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ያለች መንደር። ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ ናቸው። እናቴ አራት ወንድሞች ነበሯት። አራቱም ዘምተዋል።

ታላቁና ሁለተኛው በ1969 ዓ.ም. በእናት አገር ጥሪ አብረው ወጡ። ታላቁ ያኔ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። ታጠቅ የጦር ሰፈር ሠለጠኑና ምሥራቅ ግንባር ሄዱ። ታላቁ በ1970 በሐረርና በጅጅጋ መካከል ወደቀ። መርዶውን የነገሩን የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው የገባበት ጠፋ። ሞቷል ተብሎ ተለቀሰ፤ ተዝካሩም ወጣ። ከዓመታት በኋላ በቀይ መስቀል በኩል ወረቀት መጣ። ለካ ሶማሊያ ታስሮ ኖሯል። በ1980 መጨረሻ ከሌሎቹ ምርኮኞች ጋር አገሩ ገባ። ብዙ ዓመት አርሶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በተወለደበት ቀዬ በሕመም አረፈ።

ሦስተኛው ወደ ሰሜን ዘመተ። ከከረን አንድ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። መርዶ እንኳን አልደረሰንም።

አራተኛው የቤቱ ታናሽ ነው። በብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ መጣ። ዛሬም አለ፤ ዕድሜ ይስጠው።

አሁን የልጅ ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መታሰቢያ ልናቆም ተነስተናል። ያጋጨን ነገር ይሄ ነው። ገሚሱ ዘመድ «መርዶ የመጣለት ታላቁ ብቻ ነው፤ የእሱ ስም ይበቃል» ይላል። ሌላው «ሦስቱ ይጻፉ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ድንጋይ ላይ አይወጣም» ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «ለደርግ ለተዋጋ ምን መታሰቢያ ያስፈልጋል» ብሎ ስብሰባውን ረብሾት ወጣ።

እኔ አራቱም አንድ ላይ እንዲጻፉ ነው የምፈልገው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ያደረጋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።

የባቢሌ ገበሬ ልጅ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እኔ ሐረርጌ ነኝ። ያ መንገድ የእኛ መንገድ ነው።

«በሐረርና በጅጅጋ መካከል» ያልሽው ሰፊ ቦታ ነው። ከሐረር ስትወጪ ባቢሌ አለ። ከዚያ የዳካታ ሸለቆ፤ ድንጋዩ እርስ በርሱ ተደራርቦ የቆመበት። ቀጥሎ ፋፈን፣ ከዚያ የካራማራ ተራራ። ተራራውን ስታልፊ ጅጅጋ ነው። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች። ከዚያ በኋላ ያ መንገድ በሙሉ ለወራት ግንባር ነበር፤ የሶማሊያ ጦር ሐረር አፋፍ ድረስ ደርሷል። ጅጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ነው። ስለዚህ አጎትሽ በመኸር ከወደቀ ሲከላከል ነው። በጥርና በየካቲት ከሆነ በመልሶ ማጥቃቱ ነው። መርዶው የመጣበትን ወር የሚያስታውስ ሰው ካለ ጠይቂ። ሁለቱ የተለያየ ታሪክ ናቸው።

እናቴ ስትነግረን፣ ሚሊሺያዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ በጣም የገረማት ሙቀቱ ያንገላታቸው ነገር ነው። ደገኞች ናቸው፤ ቆላ አያውቁም። አንዳንዶቹ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ይዘው ነበር። ከጉድጓድ እየቀዳች ውኃ ታጠጣቸው ነበር። ቋንቋ አይግባቡም። እነሱ አማርኛ፣ እሷ ኦሮምኛ። «እማ» ይሏታል፤ ያቺን ታውቃታለች።

እኛም አካባቢ የዘመተ ብዙ ነው። የአጎቴን ስም የትም ተጽፎ አላየሁም። ስለዚህ የእናንተን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አራቱም ይጻፉ።

ታጠቅ 69

ልጄ፣ እኔም ከዚያው ዘመቻ ነኝ። ከሰላሌ ነው የዘመትኩት። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ይሄንን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው።

ታጠቅ የጦር ሰፈር በአምቦ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። ስንገባ ሜዳ ነበር። ድንኳን በድንኳን ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ ገበሬ መጣ። ካልሲ በእግሩ አድርጎ የማያውቅ ብዙ ሰው ነበረ። ከስክስ ጫማ ሲሰጡን መጀመሪያ እግራችን ቆሰለ። ማታ ማታ አውልቀን በባዶ እግር እንሄድ ነበር። ሥልጠናው ሦስት ወር ገደማ ነው። ሰኔ 18 ቀን 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ሰልፍ አሳየን። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ወደ ምሥራቅ በባቡር አልሄድንም። ሐዲዱ ተቆርጦ ነበር። በመኪና ነው፤ በአዋሽ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በቁልቢ። ቁልቢ ላይ መኪናው ቀዝቀዝ ሲል ሁሉም ተሳለመ። እስላሙም ክርስቲያኑም በየፊናው ጸለየ።

አሁን የምመክርሽ። ቤት ውስጥ የቀረ ደብዳቤ ካለ ፖስታውን ተመልከቺ። የብርጌድ ቁጥር ወይም የጦር ፖስታ ቁጥር ይኖረዋል። ብርጌዱን ካወቅሽ ግማሹን መንገድ ሄድሽ። ጡረታ የወጣንና ያልወጣን አሮጌ ወታደሮች እርስ በርስ እንጠያየቃለን። «የስንተኛ ብርጌድ ነበር?» ካልን በኋላ ሰው ከሰው ይገናኛል።

ሌላም ነገር አለኝ። ታላቁ ብቻ ይጻፍ የሚሉትን አትስሚ። ምርኮኛው ደግሞ ከማንም አያንስም። ጥይት ሲያልቅ፣ መኪና ሲቃጠል፣ ሰው ይማረካል። ሻለቃው ሁሉ ሲከበብ ምን ይሁን? ለገሠ ተፈራን የመሰለ አብራሪ እንኳን አውሮፕላኑ ተመትቶ ተይዟል። አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ ሲመለስ አገር በጀግና ሜዳይ ነው የተቀበለው። የገበሬው ምርኮኛ ግን ማንም ሳይቀበለው ወደ እርሻው ገባ። አጎትሽም የዚያኑ ያህል ታስሯል። ይጻፍ።

መምህር ነኝ

የደርጉን ጉዳይ ላነሳው ነው፤ ቤተሰቡን የከፈለው እሱ ይመስለኛል።

የእኔ አባት የተገደለው በቀይ ሽብር ነው። ስለዚህ ያ ዘመድሽ ለምን እንደተቆጣ ይገባኛል። በዚያው ዓመት ታጠቅ ሰው ሲሠለጥን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሬሳ ጎዳና ላይ ይጣል ነበር። ሁለቱ አንድ ዘመን ናቸው። አንዱን አንስቶ ሌላውን መርሳት ለእኛ ቤት ከባድ ነው።

ሆኖም አባቴን የገደለው የመንዝ ገበሬ አይደለም። ሐምሌ 1969 የሌላ አገር ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ጎዴ ተያዘች፣ ጅጅጋ ተያዘች፣ ድሬዳዋ ጫፍ ላይ ጦርነት ሆነ። ያንን ለመመለስ የሄደ ሰው ለየትኛው ሊቀመንበር ብሎ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። እሱም አልተጠየቀም፤ ገበሬ ማኅበሩ ስሙን ጠራና ሄደ። አንዳንዱ በፍላጎቱ፣ አንዳንዱ ስሙ ስለተጠራ።

የእኔ ልመና አንድ ነው። ድንጋዩ ላይ የዘመኑን መፈክር አትጻፉ። ስም፣ የተወለዱበት ቀበሌ፣ የዘመቱበት ዓመት። ይበቃል። እንደዚያ ከሆነ እኔም መጥቼ አበባ አስቀምጣለሁ፤ የምሬን ነው።

የመሐል ሜዳዋ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ለዘመዴ አነበብኩለት። ብዙ አላወራም። «አባቱ እንደዚያ ሆኖ እንዲህ ካለ እኔ ምን እላለሁ» ብሎ ዝም አለ። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታጠቅ 69፣ አባቴ፣ ፖስታውን እፈልጋለሁ። የከረኑ ደብዳቤ እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ።

የወጣቶች ደሴት

እኔ የዚህ ታሪክ ልጅ ነኝ። አባቴ ምሥራቅ ግንባር ወድቆ ነው ያደግኩት። እናቴም ብዙ አልቆየችም። አላጌ ሕፃናት አምባ ገባሁ፤ ከዚያ በልጅነቴ ወደ ኩባ ተላክሁ። የወጣቶች ደሴት የሚባል አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች እዚያ ተምረናል። ብርቱካን እየለቀምን፣ በስፓኒሽ ሒሳብ እየተማርን አደግን።

የአባቴን መልክ የማውቀው ከአንዲት ፎቶ ነው። ድሬዳዋ ፎቶ ቤት የተነሳው ይመስለኛል። ከኋላው የተሳለ መጋረጃ አለ። ካኪ ለብሷል። አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍ ተፈቷል። ይቺን ቁልፍ ሕይወቴን በሙሉ ሳያት ኖሬያለሁ።

አዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት ጋ ሄጄ አውቃለሁ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ። የኩባ ወታደሮች ፎቶ ተደርድሯል። እነሱን ሳይ አለቀስኩ፤ ያስተማረኝ አገር ልጆች ናቸው። የአባቴን ስም ግን አላገኘሁም። የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ንግግር ሲደረግ እሰማለሁ። ጥሩ ነው። ግን ሰው በአባቱ ስም ካልተጠራ ለልጅ ምንም አይደርሰውም።

ስለዚህ እህቴ፣ ታላቁ አጎትሽ ሁለት ልጆች ነበሩት ብለሻል። የድንጋዩን ነገር ስትወስኑ እነሱ የት ናቸው? እነሱን ጠይቃችኋል? ስሙ የሚነበበው መጀመሪያ ለእነሱ ነው።

የመሐል ሜዳዋ

ልክ ብለሃል። አንደኛዋ ደብረ ብርሃን ናት። ሌላው ዐረብ አገር ነው። ደወልኩላት። ስታለቅስ ቆይታ ያለችኝ፣ «አባቴን የማስታውሰው በጠረኑ ነው፤ የበግ ጸጉር ባና ይሸታል።» ሲሄድ የአያቴን ባና ነበር የለበሰው። ከድንጋዩ ላይ ምን እንዲጻፍ እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። «የእኔና የወንድሜ አባት መሆኑ ይጻፍ» አለች። እስካሁን ማናችንም ይሄንን አላሰብነውም ነበር።

ዲያቆን ከሸዋ ሮቢት

ከቤተ ክርስቲያን በኩል ያለውን ልናገር።

አንደኛ፣ ግቢ ውስጥ ለሚቆም ነገር የሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ያስፈልጋል። ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ብዙ ቦታ ሰው ገንዘብ ይዞ መጥቶ ድንጋይ ካስጠረበ በኋላ ነው የሚጣላው።

ሁለተኛ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም መቃብር ላይ አይጻፍም ያሉት ዘመዶችሽ አልተሳሳቱም። አገር ቤት ሰው እንደ ሟርት ያየዋል። ግን የግድ መቃብር መምሰል አለበት ያለው ማን ነው? መቃብር ካልሆነ ችግሩ የለም። ደጀ ሰላሙ ጋ ለሰንበቴ የሚቀመጡበት የድንጋይ ወንበር አሠርተው የቤተሰቡን ስም ያስቀረጹ አውቃለሁ። ምንጭ አጎልብተው ከላዩ የጻፉም አሉ። ሰው ውኃ ሲቀዳ ያነበዋል። ለነፍስም ለሥጋም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የጠፋውን ሞቷል ብላችሁ አትጻፉ። ሁለተኛው አጎትሽ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ መጥቷል። የዘመተበትን ዓመት ጻፉና የሞተበትን ክፍት ተዉት። ጸሎት ላይ ግን ስሙ ይጠራ። ቄሱ እንዴት እንደሚሉት ያውቃሉ።

የቃኘው የልጅ ልጅ

አያቴ ኮርያ ዘማች ነበር። ከ6,000 በላይ ሰው ሄዷል፤ ከ120 በላይ ቀርቷል። አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። አፍንጮ በር ላይ የመታሰቢያ ፓርክ አላቸው። ቹንቾን የሚባል የኮርያ ከተማ ውስጥም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ለልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ሁሉ ይመጣል።

ይሄን የምጽፈው ለማወዳደር አይደለም፤ ለአያቴ የተደረገውን አይቼ ስለምቆጭ ነው። ለኮርያው ዘማች የሚያስታውሰው ሌላ አገር ነበረው። የኦጋዴኑና የሰሜኑ ዘማች ከእኛ በቀር ማንም የለውም። ስለዚህ መንግሥት ያደርገዋል ብላችሁ አትጠብቁ። በገዛ እጃችሁ አድርጉት።

የጅጅጋ ልጅ

እኔ ሶማሌ ነኝ። ኢትዮጵያዊት ነኝ። ጅጅጋ ተወልጄ አድጌያለሁ። ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መጀመሪያ መጻፍ ፈራሁ።

በዚያ ጦርነት የእኛ ቤተሰብ ተበትኗል። አያቴ ግመሎቹን ጥሎ ወደ ሶማሊያ ተሰደደ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እንደዚያ ሆኗል። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነው የሞተው። አባቴ በኋላ ተመለሰ። ከተማችን አንዴ በዚህኛው አንዴ በዚያኛው ስትመታ መካከል የነበርነው እኛ ነን።

አጎቶችሽን አክብሪ። ማንም እናት የወለደችውን ልጅ ማስታወስ መብትሽ ነው። ግን ድንጋዩ ላይ «ሶማሌን ድል ሲያደርግ» እንዳይባል እለምንሻለሁ። የወረረው የዚያድ ባሬ ጦር ነው። ሶማሌ ሕዝብ ነው፤ ጎረቤትሽ ነው። ልጆቼ አንድ ቀን ለጉብኝት መንዝ ሄደው ያንን ቢያነቡ ምን ይሰማቸዋል?

አጎትሽ የወደቀበትን ቦታ ማየት ከፈለግሽ ነይ። ቤቴ ታርፊያለሽ። ካራማራ ላይ ጠዋት አብረን እንወጣለን።

የመሐል ሜዳዋ

የጅጅጋ እህቴ፣ ይሄን ሳነብ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ተነስቼ ወጣሁ።

ቃሌን ሰጥቼሻለሁ፤ እንደዚያ አይጻፍም። የቦታ ስም ብቻ ነው የሚገባው። ለታላቁ አጎቴ ልጅም አነበብኩላት። «ከሄድሽ ይዘሽኝ ሂጂ» አለችኝ። እንመጣለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ የሚጠቅም ነገር ልበል። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆኜ አባቴን በስልክ ቀድቼዋለሁ። እሱም የቀድሞ ሠራዊት ነው። መቸኮል ያለብሽ ለድንጋዩ አይደለም፤ በሕይወት ላለው አጎትሽ ነው። ድንጋዩ ይደርሳል።

አዛውንት ወታደር «ጀግንነትህን ንገረኝ» ስትይው ዝም ይላል። ወይም ሬዲዮ ላይ የሰማውን ይደግምልሻል። ጫማውን ጠይቂው። ምን ይበላ እንደነበር ጠይቂው። ጓደኛው ማን ነበር፣ ከየት ነበር፣ ምን ይወድ ነበር ብለሽ ጠይቂው። አባቴ ስለ ኮቾሮ ሲጀምር ነው አፉ የተፈታው። ያንን ደረቅ ዳቦ በጠርሙስ ቂጥ ሰብረው፣ በሻይ ነክረው እንዴት እንደሚበሉት ሲያወራ ሁለት ሰዓት ሄደ። ከዚያ ውስጥ የሞቱት ጓደኞቹ ሁሉ አንድ በአንድ ወጡ።

ሌላ፣ በ1983 ለተበተነው ሠራዊት የማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። አጎትሽ እዚያ ተመዝግቦ ከሆነ ወረቀት ሊኖረው ይችላል። አሮጌ መታወቂያና ካርድ እንዳይጣል። ፎቶ አንሱት።

የመሐል ሜዳዋ

ለበዓሉ አገር ቤት ወጣሁና አጎቴ ጋ አደርኩ። ምክራችሁን ሰማሁ። ስለ ጫማው ጠየቅኩት።

ከአስመራ ሲወጣ ከስክሱ ሶሉ ተለያይቶ ነበር። በስልክ ሽቦ አሰረው። ዓዲግራት ሳይደርስ ተወው፤ ከዚያ በባዶ እግሩ ነው የመጣው። የሚገርመኝ ስለ ጦርነቱ የሚያወራው ጥቂት ነው። ስለዚያ መንገድ ግን ዝርዝሩን ያውቀዋል። የትኛው ወንዝ ጋ እንዳደረ፣ ማን ምን እንዳበላው። ትግራይ ውስጥ አንዲት እናት አስገብታ እግሩን አጥባ ቅቤ ቀባችው። «ልጇ ወያኔ ነበር፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነበር» አለኝ። «የእኔም ልጅ እንዲህ የሚያደርግለት ያግኝ ብላ ነው።» ወሎ ሲደርስ ደግሞ እስላም ቤት አደረ። ሌሊት ሲቃዥ ሽማግሌው ተነስተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ብሔራዊ ውትድርናው 30 ወር ነው ተብሎ ነበር የሄደው። ከዚያ በላይ ቆየ። ማንም አልለቀቀውም። ሦስት ወንድሞቹ ሄደው እንኳ እሱን አልተዉትም። አያቴ ቀበሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ «አንዱን እንኳ ተዉልኝ» ብላ ለምናለች። ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። እኔም መቅጃውን አጠፋሁት።

ስለ ድንጋዩ ጠየቅኩት። «የሞተ፣ የጠፋ፣ የተረፈ እያላችሁ አትለያዩን» አለ። «ከአንድ ገበታ ነው የተነሳነው። ከጻፋችሁ በልደታችን ቅደም ተከተል ጻፉን።»

የከረኑንም ደብዳቤ አገኘሁት። ፖስታው የለም፤ ወረቀቱ ብቻ ነው። ግን ከታች ጥግ ላይ ቁጥር አለ። በውስጥ መስመር ለታጠቅ 69 ልኬያለሁ።

የባቢሌ ገበሬ ልጅ

እንዴት ያለ ነገር ነው። በልደት ቅደም ተከተል ያለው ትክክል ነው። ክርክሩንም ይዘጋዋል።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በልደት ከሆነ እናትሽ ስንተኛ ናት?

የመሐል ሜዳዋ

ሦስተኛ። ከሁለተኛውና ከጠፋው መካከል።

የባቢሌ ገበሬ ልጅ

እንግዲያው የእሷም ስም ይገባል። እናቴን አይቻለሁ። ወንዶቹ ሲሄዱ ቤቱን የያዘው ማን ነው? የዘማች ማሳ ገበሬ ማኅበሩ ያርስላቸው ነበር፤ እሺ። ማረም፣ ማጨድ፣ ከብት መጠበቅ፣ የታላቅ ወንድምን ልጆች ማሳደግስ?

ታጠቅ 69

እኔም እስማማለሁ። እኛ ግንባር ሆነን የምናስበው እሱን ነበር። ማን አረመው፣ ማን አጨደው እያልን። እህቴ ናት ያደረገችው። እኔ ተመልሼ እሱን አመስግኛት አላውቅም፤ አሁን በሕይወት የለችም።

መምህር ነኝ

ይጻፍ። እንዴት እንደሚጻፍ ብቻ አስቡበት፤ እሷ አልዘመተችም፤ ግን ቤቱን አቆመች። «ቤቱን ያቆመች» ብትሉስ?

የመሐል ሜዳዋ

እናቴ አጠገቤ ናት። አነበብኩላት። መጀመሪያ «እኔ ምን ሠራሁና» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ማውራት ጀመረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር ሁለቱ ሲወጡ። የበግ ጸጉር እየፈተለች፣ ለሸማኔ እየሰጠች፣ ባናውን ቅዳሜ ገበያ እየሸጠች ነው የወንድሟን ልጆች ደብተር የገዛችው። የወሬ ነጋሪ ስትጠብቅ ሁለት ባል መልሳለች። ያላገባችበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም ነበር። አባቴን ያገኘችው ዘግይታ ነው።

ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገርን። ሰበካ ጉባኤውም ፈቅዷል። የዲያቆኑን ሐሳብ ወሰድን። መቃብር አይመስልም፤ ደጀ ሰላሙ ጋ ለሰንበቴ የድንጋይ መቀመጫ ይሠራል። ጽሑፉ እንዲህ ነው፤ ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ ድንጋዩ ላይ ግን ሙሉ ስም ከነአባት ይሆናል፦

የመጀመሪያው፤ በ1969 ዘመተ፤ በ1970 በሐረርና በጅጅጋ መካከል ወደቀ። የሁለት ልጆች አባት።
ሁለተኛው፤ በ1969 ዘመተ፤ ሶማሊያ ታሰረ፤ በ1980 ተመለሰ፤ በቀዬው አረፈ።
ሦስተኛዋ፤ ቤቱን አቆመች፤ ልጆቹን አሳደገች።
አራተኛው፤ ወደ ሰሜን ዘመተ።
አምስተኛው፤ በብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ በ1983 በእግሩ ገባ።

ከላይ የአያቶቼ ስም። ሌላ ምንም የለም። ያ የተቆጣው ዘመዳችን አሸዋና ሲሚንቶውን በራሱ መኪና አመላልሳለሁ ብሏል።

ዲያቆን ከሸዋ ሮቢት

ጥሩ ነው። «ወደ ሰሜን ዘመተ» ብላችሁ የተዋችሁትን ወደድኩት። ለጠራቢው ጽሑፉን በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ስጡት፤ በቃል አትንገሩት። ስም ውስጥ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ድንጋይ አይታረምም። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ የቱን እንደምትሉ ተስማሙ። የክርስትና ስማቸውንም ለቄሱ ለብቻ ስጡ፤ ጸሎት የሚደረገው በዚያ ነው።

የወጣቶች ደሴት

የምርቃቱን ቀን ንገሪን። እኔ እመጣለሁ። የታላቁን ልጆች ማግኘት እፈልጋለሁ።

የመሐል ሜዳዋ

ዝናቡ ሳይገባ ነው የምናስበው። መንገዱ በክረምት አያስኬድም። ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ እጽፋለሁ። ሁላችሁም ተጠርታችኋል፤ የጅጅጋ እህቴም፣ መምህርም።

ታጠቅ 69

ልጄ፣ የላክሽልኝን ቁጥር አይቼዋለሁ። በዚያ ቁጥር ሰሜን የነበረ አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ፍቼ ይኖራል። ነገ በልጁ ስልክ አገኘዋለሁ። ምንም ቃል አልገባልሽም፤ ግን ያ ሰው የጓደኞቹን ስም አይረሳም። የታናሹን አጎትሽንም ስልክ ላኪልኝ። እኔና እሱ የምናወራው አለን።